የትኛው እባብ?

የዛሬውን ትምህርታችንን ከአንዲት የመስታወት ብልቃጥ እንጀምር። እባብ የነደፈው ሰው ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ፣ ውድ መሣሪያ በሌለበትም ቦታ ቢሆን ሐኪሞች ሊያደርጉት የሚችሉት ቀላል ምርመራ አለ። ከበሽተኛው ክንድ ሁለት ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይቀዳና ንጹሕና ደረቅ በሆነ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ይደረጋል። ብልቃጡ ሳይነካና ሳይነቀነቅ 20 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ ዘንበል ይደረጋል። የጤነኛ ሰው ደም በዚህ ጊዜ ረግቶ ብልቃጡ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ደሙ እንደ ውሃ ከፈሰሰ ግን መርዙ ደም የሚረጋበትን ንጥረ ነገር አሟጦታል ማለት ነው፤ ሰውየው ከድዱም፣ ከአፍንጫውም፣ ከሆድ ዕቃውም ሊደማ ይችላል። ሐኪሙ አሁን መድኃኒት መምረጥ አለበት። ለመምረጥ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ የትኛው እባብ ነው? አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ አንድ ቃል ነው፤ «እባብ»።

የዛሬው ርዕሳችን በዩኒቨርሲቲ ስለ እባብ፣ ስለ እንሽላሊት፣ ስለ ኤሊ፣ ስለ እንቁራሪትና ስለ ጉርጥ የሚሰጥ የአንድ መንፈቀ ዓመት ኮርስ ነው። እንዲህ ያለ ኮርስ መውሰድ ለብዙ ወላጅና ለብዙ ተማሪ የቅንጦት ይመስላል። ወደብ፣ የባቡር መስመርና ሎጂስቲክስ እንጀራ በሆኑባት በጅቡቲ ከተማ ደግሞ ይበልጥ ይመስላል። የእኔ አቋም ሌላ ነው። ይህ ኮርስ ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው የሚመስለውን ከሆነው መለየትን ነው፤ በእኛ አካባቢ ይህ ችሎታ መጥፋቱ በሰው ሕይወት፣ በሕግና በዕውቀት ዋጋ እያስከፈለን ነው። በዝግጅቱ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአማርኛ የተማራችሁ ሁሉ ቃሎቹን ታስታውሷቸዋላችሁ፦ ዓሣ አስተኔ፣ እንቁራሪት አስተኔ፣ ገበሎ አስተኔ። «አስተኔ» ማለት መሰል ማለት ነው፤ ገበሎን የሚመስል፣ እንቁራሪትን የሚመስል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች አንድ ላይ የሚያጠናው ትምህርት ሄርፔቶሎጂ ይባላል፤ ስሙ የሚሳቡ እንስሳትን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ተማሪው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገጥመው ነገር ግን መምሰል ራሱ አሳሳች መሆኑ ነው። አዞና እንሽላሊት ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ቅርፊት ለብሰው፣ በአራት እግር፣ ሆዳቸውን ወደ መሬት አስጠግተው ይሄዳሉ። በዝምድና ግን አዞ ከእንሽላሊት ይልቅ ለዶሮ ይቀርባል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እርጥብ አፈር ውስጥ እግር የሌላት፣ ሲያዩዋት ትል ወይም ትንሽ እባብ የምትመስል እንስሳ አለች፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አትገኝም። እሷ ደግሞ ወገኗ ከእንቁራሪት ጋር ነው። ዓይን የሚነግረንን ሁሉ በማስረጃ መፈተን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ብልቃጧ እንመለስ። ጅቡቲ ውስጥ፣ በሶማሌና በአፋር ቆላዎችም ሁሉ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርዝ ያላት አንዲት ትንሽ እፉኝት አለች። ሳይንስ ወገኗን ኤኪስ ይለዋል። ርዝመቷ ብዙ ጊዜ ከአንድ ክንድ እምብዛም አይበልጥም፤ ቀለሟ የአሸዋና የድንጋይ ነው። ስትቆጣ አትሸሽም፤ ሰውነቷን እንደ ፈረስ ኮቴ ደራርባ አጥፋ ጎንና ጎኗን ትፋትጋለች። የጎኗ ቅርፊቶች እንደ መጋዝ የተሰነጣጠቁ ስለሆኑ ፍትጊያው ትኩስ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል የሚሰማውን ድምፅ ያወጣል። ቡፋር በተባለው የፈረንሳይ ወታደራዊ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች እዚሁ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በዚህች እፉኝት የተነደፉ ሰዎችን አክመው የደማቸውን ለውጥ በሕክምና መጽሔቶች ላይ አሳትመዋል። ስለዚህ የምናወራው ስለ ሩቅ አገር አይደለም። በጋላፊና በዲኪል በኩል ጭነት ይዞ የሚመላለስ ሹፌርና ረዳቱ ሌሊቱን ከመኪናቸው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ሲተኙ የሚተኙት በዚህች እፉኝት አገር ነው።

ኤኪስ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ሕንድና ስሪላንካ ድረስ ዘመዶች አሏት። ለረጅም ዘመን አብዛኞቹ እንደ አንድ ዝርያ ይቆጠሩ ነበር፤ ስለሚመሳሰሉ። ከዚያ ቅርፊት የሚቆጥሩ፣ የራስ ቅል የሚለኩ፣ መርዝ የሚመረምሩ ሰዎች መጥተው ብዙ ዝርያዎች መሆናቸውን አሳዩ። «ታዲያ ምን ይጠበስ? ስም ነው» የሚል ሰው ካለ የጋናን ታሪክ ያድምጥ። ጋና ውስጥ በምዕራብ አፍሪካዋ ኤኪስ ለተነደፉ ሰዎች ፋቭ አፍሪክ የሚባል የመርዝ ማርከሻ ይሰጥ ነበር። በ2000ዎቹ አጋማሽ በእሱ ምትክ ሌላ ማርከሻ ገባ፤ የተሠራው በሕንድ ነበር። ሐኪሞች መዝገባቸውን ሲያነጻጽሩ ከመቶ ተነዳፊ 1.8 የነበረው ሞት ወደ 12.1 አሻቅቦ አገኙት። ወገኑ አንድ ነው፤ መልኩ ይመሳሰላል፤ ብልቃጡ ላይ የተጻፈውም «የእባብ መርዝ ማርከሻ» ነው። መርዙ ግን ያው አይደለም፤ ለአንዱ የተሠራ ማርከሻ ሌላውን ላያረክስ ይችላል። በሰባት እጥፍ ገደማ የጨመረው ሞት ለመምሰልና ለመሆን ልዩነት የተከፈለ ዋጋ ነው። ያንን ልዩነት አስቀድሞ ሊያስጠነቅቅ የሚችለው ሰው ደግሞ ስለ እባብ የተማረ ባለሙያ ነው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። የፋቭ አፍሪክ አምራች ሳኖፊ ፓስተር በ2014 ምርቱን አቆመ፤ የመጨረሻዎቹ ብልቃጦች የአገልግሎት ጊዜ በ2016 አለቀ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 የእባብ ንድፍን ችላ ከተባሉት የቆላ በሽታዎች ዋና ምድብ ውስጥ አስገባው። ድርጅቱ እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ ሰው በእባብ መርዝ ይሞታል፤ በ2030 ሞትንና አካል ጉዳትን በግማሽ ለመቀነስም ዕቅድ አውጥቷል። ዕቅዱ መድኃኒት ይጠይቃል፤ መድኃኒቱ መርዝ ይጠይቃል፤ መርዙ ከየትኛው አገር፣ ከየትኛው ዝርያ እንደተቀዳ ካልታወቀ ግን የጋናው ነገር ይደገማል። የእኛን እባቦች በስማቸው የሚያውቅ የእኛ ሰው ከሌለ፣ የሚገዛልን ማርከሻ ለእኛ እባብ መሆኑን ማን ያረጋግጣል?

መለየት ለማከም ብቻ ሳይሆን ላለመግደልም ያስፈልጋል። በአፍሪካ በብዙ ቦታ፣ ኢትዮጵያንም ጨምሮ፣ የወፍ እንቁላል ብቻ የሚበላ እባብ አለ። መርዝ የለውም፤ ጥርሱም ከጥቂቱ በቀር የለም ማለት ይቻላል። ከራሱ ራስ የሚተልቅ እንቁላል ሙሉውን ይውጥና ወደ ጉሮሮው ውስጥ በሾሉ የአከርካሪ አጥንቶች ሰንጥቆ ፈሳሹን ወደ ሆዱ ያወርዳል፤ ቅርፊቱን አጣጥፎ ይተፋዋል። ይህ ምስኪን እባብ ራሱን የሚከላከለው እፉኝት በመምሰል ነው። እንደ ኤኪስ ሰውነቱን ያጥፋል፣ እንደ እሷ ጎኑን ይፋትጋል፣ ያንኑ የምጣድ ድምፅ ያሰማል። በተቃራኒው ደግሞ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ራሱ ከአንገቱ የማይለይ፣ አፈር ውስጥ የሚኖር እባብ አለ፤ ሲያዩት ምንም የማያደርግ ይመስላል። እባብ አያያዝ እናውቃለን የሚሉ ሰዎች ከራሱ ኋላ ጨብጠው ያነሱታል። የእሱ መርዝ ጥርስ ግን አፉ ሳይከፈት በጎን በኩል ስለሚወጣ ጣታቸውን ይወጋቸዋል። የሚያስፈራው የማይጎዳ፣ የማያስፈራው የሚጎዳ የሆነበት ዓለም ነው። በጉዳዩ ላይ ሳለሁ ለሁሉም አድማጭ የሚሆን አንድ ነገር ልናገር፦ የተነደፈን ቦታ አትብጡት፣ መርዙን በአፍ አትምጠጡ፣ በገመድ አትጠፍሩት። የተነደፈው ሰው እንዳይንቀሳቀስ አድርጋችሁ በፍጥነት ሐኪም ዘንድ አድርሱት፤ እባቡን ለመያዝም አትሞክሩ።

አንድ ብርቱ መከራከሪያ ይነሳል። ጅቡቲ ትንሽ አገር ናት፤ ከተማዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ጥቂት ነው፤ በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ያሉትንም እንስሳት አውሮፓውያን ከመቶ ዓመት በላይ ሲሰበስቡና ሲጽፉ ኖረዋል። ለዚህ ሙሉ ኮርስ ምን ያስፈልጋል? ሥራስ የት ይገኛል? መከራከሪያው በቅንነት የሚነሳ ስለሆነ በቅንነት ሊመለስ ይገባዋል። ተጽፎ አልቋል የሚለው ግን ስሕተት ነው። በ2004 ቤአት ሼቲና ኢቫን ኢኔይሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ከጅቡቲ የተገኘ ፈጣን፣ ቀጭን እባብ እስከዚያ ድረስ ሳይንስ የማያውቀው ዝርያ መሆኑን አሳይተው ፕላቲሴፕስ አፋሬንሲስ ብለው ሰየሙት፤ የአፋር እባብ እንደ ማለት ነው። ወደ ኢትዮጵያ ስንሻገር፣ ቢቲስ ሃሬና የተባለችው የባሌ ተራሮች እፉኝት ስም ያገኘችው በ2016 ነው። ለመታወቋ መነሻ ከሆኑት ማስረጃዎች አንዱ ለአሥርተ ዓመታት በሙዚየም ተቀምጦ የነበረ ናሙና ነው፤ ሌላው ከሃሬና ጫካ የተነሳ ፎቶግራፍ ነው። እስቲ ይህን ልብ በሉ። አንዲት መርዛም እፉኝት፣ ሰውና ከብት በሚመላለስበት ተራራ ላይ፣ እስከ 2016 ድረስ ስም አልነበራትም። የባሌ እረኛ ግን ሳያያት አልቀረም። በጅቡቲ የሚኖር ሶማልኛ ተናጋሪ እባብን ሁሉ ማስ ሲል እፉኝትን ለይቶ አቤሶ ይላል። የአገሬው ሰው ዕውቀት አለ ማለት ነው፤ የጎደለው ያንን ዕውቀት ወደ መዝገብ የሚያሻግር የተማረ የአገር ልጅ ነው። የአገር ልጅ በሌለበት ስሙንም፣ ናሙናውንም፣ ክብሩንም ሌላው ይወስደዋል፤ በመውሰዱም ልንወቅሰው አንችልም።

«ወጣት ዩኒቨርሲቲ ምን ሊጨምር ይችላል?» ለሚል ደግሞ ከዳካር የመጣ መልስ አለ። የዳካር ዩኒቨርሲቲ በ1957 ነው የተቋቋመው። ገና አሥር ዓመት ሳይሞላው፣ በ1966፣ እዚያ ትሠራ የነበረች ማድሌን ሻርኒየ የተባለች ፈረንሳዊት ተመራማሪ አጋማ የሚባለውን፣ በምዕራብ አፍሪካ በየቤቱ አጥር ላይ ራሱን እየነቀነቀ የሚታየውን ተራ እንሽላሊት እንቁላሎች በተለያየ ሙቀት አስቀምጣ አስፈለፈለች። የጫጩቶቹ ጾታ እንደ ሙቀቱ ተለያየ። እንቁላሉ ሲጣል ወንድ ወይም ሴት ሆኖ አልተወሰነም ነበር፤ የወሰነው ሙቀቱ ነው። ይህ ለዓለም ሳይንስ አዲስ ግኝት ነበር፤ ዛሬ ስለ አዞ፣ ስለ ብዙ ኤሊዎችና ስለ አንዳንድ እንሽላሊቶች የምናውቀው ከዚያ ይነሳል። የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ2006 ነው። ሻርኒየ ያስፈለጋት ያልተለመደ እንስሳ አልነበረም፤ በደጅ ያለውን ተራ እንስሳ በጥያቄ ማየት ነበር። በእኛም ግድግዳ ላይ ማታ ማታ አምፖል ሥር ትንኝ የሚያድነው እንሽላሊት አለ። የዓይን ቆብ ስለሌለው ዓይኑን በምላሱ ይልሳል። ጣቶቹ ሥር ያሉት በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች ጫፋቸው በመቶዎች ተከፋፍሎ ግድግዳውን እጅግ ስለሚቀርቡ፣ ያለ ሙጫና ያለ እርጥበት በሞለኪውሎች መሳሳብ ብቻ ጣሪያ ላይ ተገልብጦ ይሄዳል። ለመማሪያ የሚሆን ነገር በየቤቱ አለ።

የሻርኒየ ግኝት በቀጥታ ወደ ጅቡቲ ባሕር ያመጣናል። በታጁራ ባሕረ ሰላጤና እስከ ባብ ኤል መንደብ ድረስ ባለው ውሃ አረንጓዴው የባሕር ኤሊና ቅርፊቱ ለጌጥ የሚፈለገው መንቁረ ጭልፊት ኤሊ ይኖራሉ። በባሕር ኤሊዎች ዘንድ አሸዋው 29 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ወንዱና ሴቱ ይመጣጠናል፤ ከዚያ ሲሞቅ ሴቶች፣ ሲቀዘቅዝ ወንዶች ይበዛሉ። በ2018 የታተመ ጥናት በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ ከሞቃታማዎቹ ዳርቻዎች ከመጡ ለጋ አረንጓዴ ኤሊዎች ውስጥ ከመቶ 99ኙ ሴቶች መሆናቸውን አሳየ። በቁጥር ሲያዩዋቸው ኤሊዎቹ ሞልተዋል፤ ወንዶቹ ግን እየጠፉ ነው። እዚህም መምሰልና መሆን ተለያዩ። ከዓለም እጅግ ሞቃት ከሆኑት ዳርቻዎች አንዱ የእኛ ነው፤ ጥያቄው ከአውስትራሊያ ይልቅ እዚህ ይከብዳል። ለሥራ ጉዳይም ግማሹ መልስ ከዚህ ይገኛል። ወደብ ሲሰፋ፣ የባሕር ዳርቻ ሲደለደል፣ መብራት ሲተከል በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀድሞ መጠናት አለበት፤ ጫጩት ኤሊ ሌሊት ወደ ባሕሩ የሚመራውን ነጸብራቅ ትቶ ወደ ከተማ መብራት እንደሚሳብ የሚያውቅ ሰው የመብራቱን አቅጣጫ ያስለውጣል። የጉምሩክ ሠራተኛ በሳጥን የተያዘን ኤሊ ንግዱ የተከለከለ ዝርያ መሆን አለመሆኑን መለየት አለበት። ሆስፒታልም፣ መድኃኒት ገዥ መሥሪያ ቤትም እንዲሁ። የሥራ ቦታዎቹ ብዙ ናቸው ብዬ አላጋንንም። ነገር ግን በትንሽ አገር ሦስት ወይም አራት ሰው የሚሠራው ሥራ ጥቂት ስለሆነ ብቻ አላስፈላጊ አይሆንም፤ የአውሮፕላን ተቆጣጣሪዎችም ጥቂት ናቸው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ስልክ ነው። ፎቶ አንስቶ ለፕሮግራም ማሳየት እየተቻለ ለምን መንፈቀ ዓመት ይባክናል? ፕሮግራሙ የሚያውቀው ባለሙያ ስም የሰጠውን ፎቶ ያህል ነው። ባለሙያ ባልደረሰበት አገር ፎቶውም ጥቂት፣ ስሙም አጠራጣሪ ነው። ከዚህም ሌላ ብዙ ዝርያዎች በፎቶ አይለዩም፤ የሆድ ቅርፊት አንድ በአንድ ተቆጥሮ፣ የጅራት ሥር ጥንድ ቅርፊቶች ተቆጥረው ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ሣር ላይ የሚኖሩ እንቁራሪቶች ለዓይን አንድ ሆነው በዘር ቅንጣታቸውና በጥሪያቸው ተለያይተው ተገኝተዋል። ሦስተኛው መከራከሪያ ፍርሃት ነው፤ እሱን በንቀት መመለስ አልወድም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ፍርሃቱ ከልምድ የመጣ ነው። ሆኖም ያው ተረት ራሱ የሚነግረን ፍርሃት ልጥን ከእባብ እንደማይለይ ነው። ሁሉን የሚፈራ ሰው ሁሉን ይገድላል፤ አይጥ የሚበላውን እባብ ገድሎ አይጥ ያረባል።

ስለ እንቁራሪት አስተኔዎች ባጭሩ ላንሳ፤ ጅቡቲ ውስጥ ጥቂት ናቸውና። ያሉት ግን ድንቅ ናቸው። የዶድሰን ጉርጥ የሚባለው ዝርያ ከግብፅ እስከ ሶማሊያ ባለው ደረቅ አገር፣ ጅቡቲንም ጨምሮ ይኖራል፤ ቆዳው ውሃ የሚያስወጣ እንስሳ በረሃ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ለማጥናት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ወደ ደጋ ሲወጡ ደግሞ ብዛቱ ይመጣል። ኢትዮጵያ ካሏት እንቁራሪት አስተኔዎች ትልቅ ድርሻ ያላቸው ሌላ የትም የማይገኙ ናቸው፤ ማልኮም ላርገን በ1974 ስም የሰጣት አንዲት እንቁራሪት የላቲን ስሟ ራሱ ከእንሰት የተወሰደ ነው። በባሌ ያሉ ሁለት ብርቅ ወገኖች መመናመናቸውን የሚያሳይ ጥናት በ2013 ታትሟል። በዓለም ደረጃ ከእንቁራሪት አስተኔዎች ከመቶ 41 ያህሉ የመጥፋት አደጋ ላይ መሆናቸው በ2023 ተገልጿል፤ ቆዳቸውን የሚያጠቃ አንድ የፈንገስ በሽታ ብቻውን በትንሹ 501 ዝርያዎችን አመናምኗል። የጅቡቲና የኢትዮጵያ ተማሪዎች ኮርሱን አብረው ቢወስዱት፣ አንዱ የባሕር ዳርቻውን ሌላው ደጋውን ቢያሳይ፣ ሁለቱን አገሮች የሚያገናኘው የ756 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር ከጭነት ሌላ ጥቅም ይኖረው ነበር።

ኮርሱ በክፍል ውስጥ ብቻ ከተሰጠ ግን ስለ እርሱ የተናገርኩት ሁሉ ከንቱ ነው። የግምባር መብራት ታስሮ በሌሊት ድንጋያማውን ሜዳ መዞር፣ ሞቶ የተገኘን እባብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ቅርፊቱን መቁጠር፣ የተገኘበትን ቦታና ሰዓት በደብተር መጻፍ ያስፈልጋል። ለባሕሩ ክፍል ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ኤሊ በሌሊት ወጥታ ጉድጓድ ቆፍራ መቶ ያህል እንቁላል ጥላ፣ አሸዋውን መልሳ ትሄዳለች። ከእንቁላሎቹ አጠገብ፣ ከአሸዋው ገጽ ግማሽ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ፣ አንዲት የሙቀት መመዝገቢያ ይቀበራል። ጾታ የሚወሰነው እንቁላሉ ከሚቆይበት ሁለት ወር ገደማ በመካከለኛው ሲሶ ነው። ጫጩቶቹ አሸዋውን ገፍተው ወጥተው ወደ ውሃው ሲሮጡ ወንዱን ከሴቱ በዓይን መለየት አይቻልም፤ የእነዚያን 20 ቀናት ሙቀት በደብተሩ የያዘ ተማሪ ግን ከመቶው ስንቱ ወንድ እንደሆነ ሊገምት ይችላል።